አንድምታ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን፣ የጻፍኋትን ሁለት ስንኝ ለጓደኛዬ አነበብሁለት።

ቀሃ ወርጄ ነበር ውኃ ልቀዳበት፣
ምንጩን አደፍርሶት ሰው ቀድሞኝ ገባበት።

ቀሃ የጎንደር ወንዝ ነው። ጓደኛዬ ሳቀ። ስለማን እንደጻፍሁ ያውቃል። ከጎናችን ሻይ የያዙ አንድ ሽማግሌ ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «አንድም አላት» አሉ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔ ቆጥረዋል፣ ትርጓሜም ጀማምረው ትተውታል። «እስቲ ድገማት ልጄ» አሉኝ። ደገምኋት።

«አንድም» ቃሉ ተራ ነው፤ «ወይም ደግሞ» እንደማለት ያለ ማያያዣ። አንድምታ ግን ከዚህች ቃል ተነሥቶ የአንድ ትልቅ የንባብ ስልት ስም ሆኗል። መምህሩ የቅዱሳት መጻሕፍትን የግእዝ ንባብ ሐረግ በሐረግ እየቆረጠ ያሰማል፣ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይደርባል፤ ሲያሻውም ሦስተኛ ያክላል። የፊተኛው በኋለኛው አይሻርም። ሁሉም ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አፄ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሯት ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ከተማይቱ የዚህ ትምህርት ዋና መናኸሪያ ሆነች። ትምህርቱ በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ ብሉያት (ብሉይ ኪዳን)፣ ሐዲሳት (ሐዲስ ኪዳን)፣ ሊቃውንት (የቤተ ክርስቲያን አባቶች ድርሳናት)፣ መጻሕፍተ መነኮሳት። አራቱንም የዘለቀ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባላል። ጎንደሬዎቹ መምህራን በአንድ አፍ ይናገሩ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ተከፍለዋል። ታች ቤት በትውፊት ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ይያያዛል፤ ዛሬ በብዛት የሚሰማውም የእሱ ነው። ዘመኑ ያመጣው የሂስ ጎራ የሚባለው ነገር አዲስ ለሚመስለው ሰው፣ እኛ ከተማ ውስጥ አንዱን መጽሐፍ በሁለት መንገድ የሚያነቡ ሁለት ቤቶች ነበሩ። ይህ ሁሉ ደግሞ ለረጅም ዘመን በቃል ተይዞ ነው የተላለፈው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየታተመ ሲወጣ እንኳ አማርኛው የጉባኤ ድምፅ አለው፤ የሚያነበው ሰው መምህሩ ፊቱ ተቀምጦ የሚያስረዳው ይመስለዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በመንደራችን «አንድም» ካሉ ያሻን መናገር የተፈቀደ ይመስላል። ትርጓሜው በሚሰጥበት ጉባኤ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነፃነት የለም። ፍች ሲቀርብ መቆሚያ ይጠየቃል። አንዳንዱ በአገባብ ይቆማል፤ ግሡ ከማን ጋር ይስማማል፣ ባለቤቱ ማን ነው? አንዳንዱ ታሪክ ይጠራል። አንዳንዱ ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ያመጣና «እንዲል» ብሎ ያጸናዋል። ምሳሌና ሐተታም አሉ። «አንድም» ያለ ሰው ቀጥሎ «ከየት?» እንደሚባል አውቆ ነው አፉን የሚከፍተው።

ወደ ስንኟ እንመለስ። የመጀመሪያው ፍች ግልጽ ነው፤ ሰውዬው እንስራ ይዞ ወረደ፣ ምንጩ ደፍርሶ ቆየው። ሁለተኛው የእኔና የጓደኛዬ ነው፤ ወዳጅን ሌላ ሰው ቀደመ። ሽማግሌው ሁለቱንም አልነቀፉም። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «አንድም፣ ‹ልቀዳበት› የጽሕፈት ነው። መጽሐፍ ይቀዳል። ምንጩ የመጀመሪያው ብራና ነው። አንተ ልትገለብጥ ስትሄድ ሌላ ጸሐፊ ቀድሞህ ገብቶበታል፤ ቃል ጥሏል፣ ቃል ጨምሯል። የደፈረሰ ቅጂ ነው የደረሰህ።» ቀዳ፣ ምንጭ፣ ደፈረሰ፣ ገባበት፤ አንዱም ቃል ሥራ አልፈታም።

ደግሞ ጨመሩ፤ የጥምቀቱ የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ነው። ጠበል ሊቀዳ የሄደ ሰው ጎረምሶች ዘለው ገብተው ሲያንቦጫርቁት አገኘ። ይህ በታሪክ ይቆማል። ቢሆንም «‹ምንጭ› የሚለው እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ገንዳ ምንጭ አይባልም» ብለው ራሳቸው አሳነሱት። የወደድሁት ይህን ነው። የራሱን ፍች መዝኖ ዝቅ የሚያደርግ አንባቢ በየግጥም ምሽቱ አይገኝም።

ጓደኛዬ ነገሩ ጥሞት ነበርና ቀጠለ፤ «እንግዲያው ቀሃ ጎንደር ናት፣ ሰው ያለው መንግሥትን ነው።» ሽማግሌው ዝም ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። «እሺ ልጄ፣ ‹ልቀዳበት› ታዲያ የት ገባ?» ጓደኛዬ መልስ አጣ። የሚያሳዝነው፣ ዛሬ ሂስ ተብሎ ከሚጻፈው ብዙው ይቺን ጥያቄ አያልፍም። አንድ ቃል ያዝ ይደረጋል፣ የቀረው ግጥም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲዎቹን ስም ያልነገራቸውን ግጥሞች ለተማሪዎቹ ሰጥቶ አስተያየት አስጻፈ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አወጣው። የተማሩ የሚባሉት ልጆች የግጥሙን ግልጽ ፍች እንኳ ሲስቱ፣ ከልማድ የተረፈ ስሜት ሲደግሙ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ደራሲው ያሰበው ነገር የሥራው መመዘኛ ሊሆን አይችልም ብለው ተከራከሩ። እኔ የብራናውን ፍች በሕልሜም አላሰብሁት። ሽማግሌው ግን፣ ደራሲው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ፣ «ምን ማለትህ ነው?» ብለው አልጠየቁኝም። ቃሎቹን ነው የጠየቁት።

አንድምታ ብቻውን ሂስ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። የጉባኤው መምህር የሚፈታው ቅዱስ መጽሐፍን ነው። ጥሩ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም የሚል ጥያቄ አያነሣም፣ ሊያነሣም አይገባውም። ልብ ወለድና ግጥም የሚያነብ ሰው ግን ከፍቺው በኋላ መመዘን አለበት። ሂስ የሚለው ቃላችን ደግሞ ሥሩ በግእዝ ነቀፋ ነው፤ በደርግ ጊዜም «ሂስና ግለ ሂስ» በየስብሰባው ሰው ሲያስጨንቅ ኖሯል። ስለዚህ ይመስለኛል ሐያሲ ሲባል ወይ ሊሰድብ ወይ ሊያሞግስ የመጣ የሚመስለን። ምዘናውን መማር የሚፈልግ ቅኔ ቤት ይሂድ። እዚያ ተማሪው ቀኑን ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል፣ የተበላሸውንም ይጥላል።

የቅኔው ትምህርት ከሽማግሌው አልለቀቀም ነበር። ሊነሡ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰውዬው ገብቶ ነው የሚያደፈርሰው ወይስ አደፍርሶ ነው የሚገባው?» አሉኝ። እውነትም «አደፍርሶት ገባበት» ብያለሁ፤ ከመግባቱ በፊት አደፍርሶታል። ስንት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም።

ቤቴ ገብቼ «ሰው ቀድሞኝ ገባና ምንጩ ደፈረሰበት» ብዬ አስተካከልሁት። ቅደም ተከተሉ ተቃና። ግን ስንኟ የወል ቤት ናት፣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም (የንባብ ድምፅ) ያላት፤ አሁን ኋለኛው ሐረግ ሰባት ሆነ። «ደፈረሰበት» ስልም ጉዳቱ ከእኔ ወርዶ የገባው ሰው ላይ ያረፈ መሰለ። አንዷን ቀለም እስካሁን መቀነስ አልቻልሁም።