ጥሬ ፋይልን ከዳታቤዝ ጋር አገናኝቶ መጠየቅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለ አንድ አስመጪ ቢሮ እንውሰድ። የደንበኞቹ ዝርዝር ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ከጅቡቲ የሚገባው ዕቃ ዝርዝር ግን በየሳምንቱ በኢሜይል በሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ በተለዩ ተራ ጽሑፍ፣ ይመጣል። የማን ዕቃ እንደገባ ለማወቅ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። ብዙ ሰው ፋይሉን ዳታቤዙ ላይ ይጭነዋል። በሳምንቱ ሌላ ፋይል፣ ሌላ ሰንጠረዥ። ስድስት ወር ሳይሞላ የቅርቡ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ፋይሉን ካለበት ሳያነሱ በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል መጠየቅም ይቻላል። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው 9.1 እትሙ ጀምሮ ፋይልን እንደ ውጭ ሰንጠረዥ ያነባል። ፋይሉ ግን ሰርቨሩ ላይ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስተርዳም የወጣው ዳክዲቢ የተባለ የዳታቤዝ ፕሮግራም ሰርቨር አይፈልግም፤ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የፋይሉን ስም በሰንጠረዥ ስም ቦታ ትጽፋለህ፣ ፖስትግሬሱን በማንበብ ብቻ ፈቃድ ታገናኛለህ፣ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ታጣምራለህ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ የሥራው ዳታቤዝ አይነካም።

ሲኤስቪ በተጠየቀ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ይነበባል። ፋይሉ ሲገዝፍ መረጃን በዓምድ በዓምድ ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ፓርኬ፣ መቀየር ይሻላል፤ የተጠየቁት ዓምዶች ብቻ ይነበባሉ።

ዋናው ጣጣ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ዓምድ ላይ ነው። የድሬ መደበኛ ስልክ በ025 ይጀምራል። አንድ ሰው ፋይሉን በኤክሴል ከፍቶ መልሶ ካስቀመጠው ዜሮዋ ትጠፋለች። ስምም እንዲሁ ነው፦ ዳታቤዙ ላይ «ፀሐይ»፣ ፋይሉ ላይ «ጸሃይ»። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ስህተት ብሎ አይጮህም፣ ረድፏን ዝም ብሎ ይጥላታል። እኔ አንድ ጊዜ የጠፉ ደንበኞችን ስፈልግ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያልተገናኙት ረድፎች ናቸው። ከዚያ ጥያቄው ውስጥ ዜሮዋን መመለስ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማምጣት ነው። ይህ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ በሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሃም ወደ ሀ፣ ኣም ወደ አ ይመጣሉ። ዋናው ፋይል እንዳለ ይቆያል።

ቀንን በጽሑፍነቱ ማንበብ ይሻላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ 2016 እንደ ፈረንጅ ከተወሰደ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ጳጉሜን 3፣ ማለትም 13ኛ ወር፣ ከመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ ቀን ላይቀበለው ይችላል።