እግሩ አይሰማውም፣ ታዲያ እንዴት ያቃጥለዋል?

ህብለ ሰረሰሩ (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) የተጎዳ ሰው «እግሬን አቃጠለኝ» ሲል ቤተሰብ እርስ በርስ ይተያያል። ከዚያ ምክሩ ይጀምራል። አብዛኛው ምክር ደግሞ ስህተት ነው።

«ስሜት ከሌለ ሕመም የለም።» ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሚያመውን ሰው አስመሳይ ያደርገዋል። ሕመምን ሕመም የሚያደርገው አንጎል ነው። ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ከታች የሚመጣው መልእክት ይቋረጣል፣ ጉዳቱ አካባቢና ከዚያ በላይ ያሉ ነርቮች ግን ዝም አይሉም፤ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው መልእክት መላክ ይጀምራሉ፣ አንጎልም ከእግር የመጣ ይመስለዋል። በመርፌ ቢወጉት የማይሰማ እግር ሌሊት ሲለበልብ የሚያድረው ለዚህ ነው። ይህ ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ሕመም አለባቸው።

«ጠንከር ያለ ማስታገሻ ይዋጥ።» ዳይክሎፌናክ እዚህ ብዙም አይረዳም። የሚታዘዙት ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ናቸው። የመጨረሻው የድብርት መድኃኒት ስለሆነ «አበድክ አሉኝ እንዴ?» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም። ኧረ አይደለም፣ የሕመም መልእክቱንም ያዳክማል።

«አዲሱ ይሻላል።» ፕሪጋባሊን በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ያኔ ግን ለሌላ ሕመም ሲታዘዝ ዓመታት አልፎት ነበር። በጥር 2025 የተፈቀደው ሱዜትሪጅን ብዙ ተወርቶለታል፤ የተፈቀደው ግን እንደ ቀዶ ሕክምና ላለ የአጭር ጊዜ ሕመም ነው። የሚሠራውም ከህብለ ሰረሰር ውጭ ባሉ ነርቮች ላይ ነው፣ የናንተ ሕመም ምንጭ ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ነው። ዜናው ብቻውን አያጓጓችሁ።

«አዲስ መድኃኒት የሚፈተሽበት ሙከራ ውስጥ ከገባሁ መድኃኒቱን አገኛለሁ።» ላይደርሳችሁ ይችላል። ተስፋ ራሱ ሕመም ስለሚቀንስ፣ ለገሚሱ ሰው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ይሰጣል፤ በደንብ በተሠራ ሙከራ የትኛው ለማን እንደደረሰ ሐኪሙም አያውቅም። የሙከራ የመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ በዋናነት የሚፈትሸው ደህንነትንና መጠንን ነው። «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ካለ ግን ሹልክ በሉ።

«ከሠራ ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል።» ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ 8 የነበረ ሰው ወደ 5 ከወረደለት ተመራማሪዎች ጥሩ ውጤት ይሉታል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የነርቩ ጉዳት ግን እንዳለ ነው፤ ማዞርና ድብታም አብሮ ሊመጣ ይችላል። የምትወስዱትን ፕሪጋባሊን ወይም ጋባፔንቲን ለሙከራ ብላችሁ በአንዴ አታቋርጡ፣ የሚጥል ሕመም እስከማስነሳት ሊደርስ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊትም ጠይቁ፦ ሙከራው ሲያበቃ፣ መድኃኒቱ ከተስማማኝ ማን ይሰጠኛል?