«ታሪኽ ፔ ታሪኽ» ምንድን ነው?

ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን የሂንዲ አባባል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ታሪኽ» ማለት ቀን ነው፤ ችሎት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቀጠሮ። «ፔ» ማለት ላይ። በእኛ አፍ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ። (ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው። እኛም ወስደን «ታሪክ» አልነው።)

አባባሉን የህንድ ሕዝብ አፍ ላይ ያስገባው በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዳሚኒ» ፊልም ነው። ዳሚኒ የባሏ ወንድም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የቤት ሠራተኛዋን ሲደፍር ታያለች። የቤተሰቡ ስም እንዳይጠፋ ዝም በይ ትባላለች። እምቢ ስትል እብድ ናት ተብላ የአእምሮ ሆስፒታል ትገባለች። የሚቆምላት ጠበቃ ጎቪንድ ነው። ሳኒ ዴኦል ነው የሚጫወተው። ጎቪንድ ራሱ በሚስቱ ሞት ፍትሕ አጥቶ፣ ሙያውን ትቶ መጠጥ የያዘ ሰው ነው። የተከሳሾቹ ጠበቃ ሌላ ቀጠሮ ሲጠይቅ ጎቪንድ ይፈነዳል። ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ተሰጠን፣ ፍትሕ ግን አላገኘንም እያለ ዳኛው ፊት ይጮኻል።

ንግግሩ የያዘው ነገር ከጩኸቱ ይበልጣል። የፊልሙ ሀብታሞች ሕጉን መለወጥ አያስፈልጋቸውም። ጊዜ መግዛት ይበቃቸዋል። ጊዜ ካለ ምስክር ይደክማል፣ ይፈራል፣ ይገዛል። ከዚያ በፊት በ1983 የወጣው «አንዳ ካኑን» (ዕውር ሕግ ማለት ነው) ፊልም ላይ ተበዳዮቹ በቀላቸውን በገዛ እጃቸው ይወስዳሉ። ጎቪንድም ቡጢው አያርፍም፤ ግን ፍርዱን የሚፈልገው ከዳኛው ነው። ለእኔ «ዳሚኒ»ን ከብዙዎቹ የሚለየው ይሄ ነው።

እርግጥ እውነተኛ ችሎት ውስጥ እንዲያ የጮኸ ጠበቃ ችሎት ደፈርክ ይባላል። ፊልሞቹ ላይ ጠረጴዛ የምትደበድበውን የዳኛ መዶሻም የህንድ ዳኞች አይጠቀሙባትም።

መጓተቱ ግን እውነት ነው። በህንድ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ የሚጠብቁ መዝገቦች ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በ2021 ደልሂ ውስጥ ጉዳዩ ከ2016 ጀምሮ የተጓተተበት ሰው «ታሪኽ ፔ ታሪኽ» እያለ የችሎቱን ዕቃ ሰባበረ። በኅዳር 2023 ደግሞ አባባሉ ከከፍተኛው ወንበር ተሰማ። የወቅቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ቻንድራቹድ ጠበቆች በሁለት ወር ውስጥ ከ3,600 በላይ የቀጠሮ ለውጥ ጥያቄ ማቅረባቸውን ጠቅሰው፣ ይህ «ታሪኽ ፔ ታሪኽ» ፍርድ ቤት እንዲሆን አንፈልግም አሉ። ፊልሙ ከወጣ 30 ዓመት ሆኖት ነበር።