የአብነት ተማሪዎች ሕይወት በሰሜን ሸዋ

የአብነት ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናቷን፣ ካህናቷንና ሊቃውንቷን የምታፈራበት ተቋም ነው። በሰሜን ሸዋም ከደብረ ብርሃን ዙሪያ እስከ ተጉለት፣ መንዝ፣ ቡልጋና መርሐ ቤቴ ድረስ በአድባራትና በገዳማት ጥላ ሥር ይገኛል። ተቋም ይባል እንጂ አብዛኛው የራሱ ሕንፃም ሆነ በጀት የለውም፤ ትምህርት ቤቱ መምህሩ ናቸው። የኔታ ደብር ሲለውጡ ጉባኤው አብሯቸው ይሄዳል፣ ሲያርፉ ደግሞ ተማሪው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ መምህር ፍለጋ ይነሣል።

ትምህርቱ ከንባብ ቤት ይጀምራል። ፊደል የለየ ልጅ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን ተሻግሮ ዳዊት ሲደግም ንባቡን ፈጸመ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት አሉ፤ ሁሉንም የሚዘልቀው ግን ጥቂቱ ነው። ከድጓ፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያኒቱ የዜማ መጽሐፍ፣ የዜማ ስልቶች መካከል ከቤተልሔም፣ ከአጫብርና ከቆማ ጋር ስሙ የሚነሣው የተጉለት ስልት የዚሁ አካባቢ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ጥላ ፈልጎ ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፣ ከዚያም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። መጀመሪያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አያገለግልም፤ ቅኔ ቤትን ከሌሎቹ ጉባኤያት የሚለየውም ይህ ይመስላል፣ ሌላው ትምህርት በአመዛኙ የአበውን ቃል ሳያዛንፉ መያዝ ነውና።

ለትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅም። ተማሪውን የሚመግበው «የቆሎ ተማሪ» ብሎ የሚያውቀው የአካባቢው ገበሬ ነው። ተማሪው ከትምህርት ሲለቀቅ የለመነውን ምግብ የሚይዝበትን አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ መንደር ይገባል፤ ከአጥር ውጭ ቆሞም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይጠብቃል። የቤቷ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ወይም አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ይዛ ትወጣለች፤ ከሌላትም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ እሱም ሳይከራከር ወደ ቀጣዩ ደጅ ያልፋል። ከየቤቱ የተገኘው ጥቁርና ነጭ እንጀራ በአንድ አኮፋዳ ይደባለቃል፤ የተረፈውም ለክፉ ቀን በፀሐይ ይደርቃል። ተዝካር፣ ዝክርና ሰንበቴ ሲኖር ግን ጠግቦ ማደር አለ፤ የዓመት በዓላትን ቀን ከተማሪ የተሻለ የሚያውቅ የለም መባሉም ያለ ነገር አይደለም። ልመናው ድህነት ብቻ ያመጣው አይደለም፤ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ከቤቱ ርቆ ለምኖ እንዲማር ይጠበቃል፣ ትሕትና የትምህርቱ አካል ተደርጎ ስለሚታይ።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ለተማሪ ቀላል አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ማሳ ያነጣል። ተማሪው በደቦ በሠራት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል፤ በዚህ ብርድ ከበግ ቆዳ የተሠራው ደበሎ ልብሱም መኝታውም ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና የመምህሩን ጓሮ መሥራት በተራ የሚደርስ ነው። ትንንሾቹ የሚማሩት ከየኔታ ይልቅ ከታላላቆቹ ተማሪዎች መሆኑም የተለመደ ነው። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው አብሾ በተማሪዎች ጨዋታ ሁሉ ይነሣል፤ ተክሉ መርዛማ በመሆኑ ግን ጉዳቱ ከጨዋታው ይከፋል።

በሸዋ ካሉት ገዳማት ስሙ የገነነው፣ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ደብረ ሊባኖስ ነው። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስም ቀደም ሲል የገዳሙን እጨጌነት (አለቃነት) ይዘው ነበር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያ ወራሪው እንደራሴ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ ሲፈጁ ወጣቶቹም አልተረፉም፤ የኢጣሊያኖቹ የራሳቸው ሪፖርት 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ይናገራል። የኋላ ጥናቶች ጠቅላላ የሟቾችን ቁጥር ከዚያ ሪፖርት በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርጉታል።

ዛሬ ብዙው ልጅ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ከአብነቱ ጋር አጣምሮ ይከታተላል፤ በአኮፋዳ ፋንታ ፌስታል፣ በደበሎ ፋንታ ጃኬትና ብርድ ልብስ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ዜማውን በስልክ ቀድቶ የሚያጠናም አለ፤ ይሁን እንጂ በመምህር ፊት ሳይታረም የተያዘ ዜማ ለማስመስከር፣ ማለትም በመምህርነት ለመመረቅ፣ አያበቃም። ንባብና ቅዳሴ የተማረው አብዛኛው ተማሪ በዲቁና ወደ አጥቢያው ሲመለስ፣ የቀረው ወደ ቅኔ ቤት ዘልቆ ብዙ ጊዜ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይወርዳል።