ኒም «ውሃ አይፈልግም» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ስሙኝ

ድሬዳዋ ውስጥ ችግኝ ማፍላትና መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሐምሌ በገባ ቁጥር ኒም ሊገዛ የሚመጣ ሰው ስለ አጠጣጡ ላስረዳ ስል ያቋርጠኛል፦ «ይሄማ የበረሃ ዛፍ ነው፣ ውሃ አይፈልግም።» ጥር ላይ ያው ሰው ሌላ ችግኝ ሊገዛ ይመጣል። ብሩን እቀበለዋለሁ፤ ግን ያንገበግበኛል።

ድርቅ የሚችለው ያደገው ኒም እንጂ ችግኙ አይደለም። ዛፉ በጠራራው የሚለመልመው ሥሩ ወደ ታች ወርዶ፣ ፀሐይ የማይደርስበት እርጥበት ስላገኘ ነው። እኔ የምሸጥላችሁ ችግኝ ሥሩ ስንዝር ቢሆን ነው፤ እሱም ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጠዋት ማታ ውሃ የለመደ ነው። ዝናቡ ሲያቆም የላይኛው አፈር በቀናት ውስጥ ይደርቃል። ከ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ወዲህ በክረምት መትከሉን ሁሉም ለምዶታል፤ ችግኝ የሚያልቀው ግን በበጋ፣ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጊዜ ነው።

«እኔ እኮ በየቀኑ አጠጣለሁ» የሚሉም አሉ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ያንተ ችግኝ ሞተብኝ» ብለው መጡ። «እትዬ፣ እንዴት ነበር የሚያጠጡት?» አልኳቸው። ማታ ማታ አንድ ጣሳ፣ ዕቃ ያጠቡበትን። ቤታቸው ሄጄ ነቀልኩት። ሥሩ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ከመሬቱ ፊት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ሥር ውሃ ያለበትን ነው የሚከተለው። ጣሳዋ ያራሰችው ላዩን ብቻ ስለሆነ ሥሩም እዚያው ቀረ፤ እሳቸው ለአንድ ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ደረቀ። ለፍተው ነው የገደሉት፣ እኔን የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ አፈሩን ከብባችሁ ውሃ ማቆሪያ ሥሩለት። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ፣ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ጊዜ ከሌላችሁ የአሮጌ ጀሪካን ታች በሚስማር ብሱና አጠገቡ አስቀምጡት፤ እየተንጠባጠበ ያድራል። በማግሥቱ ቀጭን ብረት ወደ አፈሩ ውጉ፤ በቀላሉ እስከገባበት ድረስ ውሃው ወርዷል ማለት ነው። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙበት፣ ግንዱን ግን አይንካው። በሁለተኛው በጋ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ተዉት። የሳሙና እጣቢ በግድ ካልሆነ አትድፉበት፤ በረኪና ያለበትን ደግሞ በጭራሽ።

ከውሃው ሌላ የምሰማቸው አባባሎችም አሉ። «ችግኙ የበቀለበት ላስቲክ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።» አይበሰብስም! በሦስት ዓመቱ የደረቀ ኒም ቆፍሬ ጥቁር ላስቲኩን እንደለበሰ አግኝቼዋለሁ፤ ሥሩ ውስጡ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ላስቲኩን በምላጭ ቀድዳችሁ አውልቁ፣ ከታች የተጠመዘዘውን ሥርም ቁረጡት።

«ረጅሙን ስጠኝ፣ ቶሎ ጥላ ይሆነኛል።» ረጅሙ ላስቲክ ውስጥ የቆየው፣ ሥሩ የተጠመጠመው ነው። ጉልበት የማይደርሰውን ውሰዱ።

«አዲስ አበባም ይሆናል።» አይሆንም። ኒም ቆላ ይወዳል፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። እዚያ ወይራ ትከሉ፤ ቀስ ይላል እንጂ ድርቁንም ብርዱንም ይችላል።

«ፕሮሶፒስም ያው ጥላ ነው።» አፋር ሄዳችሁ ይሄ እሾሃማ ወራሪ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን ምን እንዳደረገው እዩ። አትትከሉት።

«ኒም መድኃኒት ነው፣ ለሕፃንም ይሰጣል።» የኒም ዘይት የጠጡ ሕፃናት ተመርዘው ያውቃሉ። እባካችሁ።

«ውሃ የሚተኛበት ቦታ ይመቸዋል።» ሥሩ ታፍኖ ይሞታል።

«ዘሩን አስቀምጬ ለከርሞ እዘራዋለሁ።» የኒም ዘር በሳምንታት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ፍሬው ቢጫ ሲሆን ለቅማችሁ፣ ልጣጩንና ሥጋውን አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ አድርቁትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝሩት።