አሮጌ የእንጨት ጀልባና የሲገል ሞተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በእንግሊዝ ዳርቻዎች ጣውላቸው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርቦ በመዳብ ምስማር የተያያዘ ትንንሽ አሮጌ ጀልባዎች ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ ከኋላቸው ፑል ከተማ የተሠራ ብሪቲሽ ሲገል ሞተር ይንጠለጠላል። ዋጋቸው አይከብድም፤ ገንዘብ የሚበላው ገዢው «ልጠግነው» ብሎ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

«ውሃ ካስገባ ተበላሽቷል»
ለወራት መሬት ላይ የቆየ ጣውላ ደርቆ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ጥልቀት በሌለው ቦታ አስረው ከ2 እስከ 3 ቀን ይተዉት፤ የገባውን ውሃ እየቀዱ ያውጡ። ጣውላው አብጦ ራሱን ይዘጋል። ከሳምንት በኋላም ካልቀነሰ የላላ ምስማር ወይም የተሰነጠቀ ጣውላ ይፈልጉ። ትልቁ ጥፋት ደረቁን ክፍተት በስቱኮ ወይም በኢፖክሲ (ደርቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) መጠቅጠቅ ነው፦ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ምስማሩን ይነቅላል፣ የውስጥ ማገሮቹንም ይሰብራል። ፋይበርግላስ ማልበስም እንደዚያው ነው፤ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያስቀራል።

«እንጨቱን የሚያበሰብሰው የባሕር ጨው ነው»
ጨው መበስበስን እንዲያውም ያዘገያል። ጠላቱ ውስጡ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃና አየር የማያስገባ ሸራ ነው። ሲገዙ ቀለሙን ትተው ወስፌ ይያዙ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ ማዕዘኖች፣ የመቀመጫውን ሥር፣ ከጀልባው ሥር ከፊት እስከ ኋላ ከሚሄደው ዋና እንጨት አጠገብ ያለውን ጣውላ ይውጉ። ጤነኛ እንጨት ሲፈነቀል ረጅም ስንጣሪ ያወጣል፤ የበሰበሰው አጭር ሆኖ ይፈረካከሳል። ሻጩ መውጋት ከከለከለ መልሱ ያው ነው፤ ይሂዱ።

«ዘይቱን መቀነስ ሞተሩን ያጸዳዋል»
የቆዩት ሲገሎች የሚጠይቁት የቤንዚንና የዘይት ቅልቅል 10 ለ 1 ነው፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት። ኋላ የመጡት 25 ለ 1 ይበቃቸዋል፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር። የዛሬ ሞተሮችን 50 ለ 1 አይቶ በአሮጌው ላይ መሞከር አደጋ ነው፤ ዘንጉ የሚዞረው በነሐስ ቀለበት (ቡሽንግ) ውስጥ ስለሆነ ያ ዘይት ከማለስለስም አልፎ የሞተሩን ግፊት የሚይዘው እሱ ነው። ጭሱን ይቻሉት።

«የማርሽ ዘይቱ ከነጣ ውሃ የሚከለክለው ጎማ ተበልቷል»
በሌሎች ሞተሮች እውነት ነው። ሲገል ግን ፕሮፔለሩ ጋ ውሃ የሚከለክል ጎማ የለውም፤ ውሃ መግባቱና ዘይቱ ወተት መምሰሉ የተለመደ ነው። ቁጥር 140 የማርሽ ዘይት ያድርጉ፤ ቶሎ ቶሎም እያዩ ይሙሉ። ግሪስ አይጠቀሙ፤ ጥርሶቹ ወደ ዳር ይገፉትና ተመልሶ አይመጣም።

«ትልቅ ሞተር ያፈጥነዋል»
የውሃ መስመሩ 4 ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ጀልባ ከ9 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብዙም አያልፍም። ትርፉ ጉልበት ኋላውን ያሰምጠዋል፣ ሳንቃውንም ያላላዋል።

«አስነሥቶ፣ ተረጋግቶ መነሣት ይቻላል»
ብዙዎቹ ሲገሎች ዜሮ ማርሽም ሆነ የኋላ ማርሽ የላቸውም። ገመዱ እንደተሳበ ፕሮፔለሩ ይዞራል፣ ጀልባውም ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድመው አፍንጫውን ወደ ክፍት ውሃ ያዙሩ። ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ፤ ከኋላዎ ሰው አይቀመጥ፤ ተስቦ ሲወጣ ይገርፋል። ሲመለሱም መቅዘፊያው በእጅዎ ይሁን፤ ሞተሩን ቀደም ብለው ያጥፉና በቀረው ግፊት ጀልባው ወደሚታሰርበት ምሰሶ ይጠጉ።