ዓሣው ካልሞተ ውሃው ደህና ነው?

የዋጥነው መድኃኒት ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። ከፊሉ በሽንትና በሰገራ ይወጣል። ከሽንት ቤት ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ፣ ከዚያም ወደ ወንዝና ሐይቅ ይሄዳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ችግሩን ይሸፍናሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ያላጠፋ ሰው ላይ ወቀሳ ይጭናሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«መድኃኒቱ ጎጂ ቢሆን ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፍ ነበር»

ብዙ ጊዜ አይሞትም። ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይወፍራል። የሚያቅተው መራባት ነው። በ1990ዎቹ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ትራውት የሚባል ዓሣ በሽቦ ቤት አድርገው የተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚገባበት ቦታ ላይ አስቀመጡ። የወንዶቹ ደም ውስጥ ቪቴሎጀኒን ተገኘ። ይህ ሴቷ ዓሣ ለእንቁላሏ አስኳል የምትሠራው ፕሮቲን ነው። ወንድ ዓሣ ምን ያደርግለታል? በ1998 ደግሞ ሮች የተባሉ ወንድ ዓሦች በብዙ ወንዞች ቆለጣቸው ውስጥ እንቁላል ይዘው መገኘታቸው ታተመ። ሁሉም በሕይወት የነበሩ ዓሦች ናቸው።

«ያቺን ታህል መጠን ምን ታደርጋለች?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ለምርምር ብቻ የተከለሉ ሐይቆች አሉ። ካረን ኪድ የምትመራው ቡድን ከ2001 እስከ 2003 ሐይቅ 260 በሚባለው ውስጥ ኢቲኒልኢስትራዲዮል ጨመረ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን፣ ነው። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት 1 ግራም ሆርሞን ወደ 200 ሚሊዮን ሊትር ለሚጠጋ ውሃ ይበቃል።

ፋትሄድ ሚኖው የምትባለው ትንሽ ዓሣ ወንዶቿ የአስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ። የቆለጣቸው እድገት ተዛባ። ቀጥሎ ጫጩቶቹ ጠፉ። ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ የሚተካ ትውልድ ሲታጣ ቁጥሯ በፍጥነት አሽቆለቆለ፤ ከሐይቁ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። እሷን የሚመገበው ትልቁ ትራውትም ምግብ አጠረው።

ለምን? ሆርሞን ድሮም ሥራው በጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ ይህኛው በ1938 የተሠራው በአፍ ሲወሰድ ጉበት ቶሎ እንዳይሰባብረው ተደርጎ ነው። ዓሣው ደግሞ እንደኛ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ አይሄድም፤ ቀንና ሌሊት እዚያው ውስጥ ይተነፍሳል። ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ሌላው የእንክብል ሆርሞንማ በላቦራቶሪ ሲሞከር በሊትር ከ1 ናኖግራም ባነሰ መጠን እንኳ የዚህችኑ ዓሣ እንቁላል መጣል ቀንሷል።

«ጥፋቱ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ነው»

ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። ኢስትሮጅን ከሰው ሁሉ ሽንት ይወጣል፤ ከወንዱም ጭምር። ከነፍሰ ጡር ሴት በብዛት ይወጣል። የቤት እንስሳትም ያስወጣሉ። በአንዳንድ አገሮች ከብት ለማደለብ የሚሰጠው ትሬንቦሎን ደግሞ በተቃራኒው ሴት ዓሦችን የወንድ ምልክት እንዲያወጡ ያደርጋል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን ሆርሞን እንኳ አይደለም። ሰውነት ሳይለውጠው በሽንት ይወጣል። ሆኖም በላቦራቶሪ በሊትር 40 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) በያዘ ውሃ ውስጥ ያደጉ ወንድ ዓሦች ቆለጣቸው ውስጥ እንቁላል መሰል ሕዋስ ታይቷል። ማንም መድኃኒቱን ያቁም ማለቴ አይደለም። እንክብሉም ሜትፎርሚኑም ለሰው ያስፈልጋሉ።

«የተረፈ መድኃኒት ሽንት ቤት ካልጣልን ችግሩ ተፈታ»

አለመጣሉ ተገቢ ነው፤ ቀጥሉበት። ግን አብዛኛው የሚመጣው ከተጠቀምንበት መድኃኒት ነው። ጉበት ሆርሞኑን ከስኳር መሰል ነገር ጋር አስሮ፣ ሥራ አስፈትቶ ያስወጣዋል። ፍሳሹ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያንን ማሰሪያ ይበጥሱታል። መድኃኒቱ መልሶ ይሠራል ማለት ነው።

«አንዳንድ ዓሦች ፆታ ይቀይሩ የለ?»

ይቀይራሉ፤ ለምሳሌ ክላውንፊሽ። እሱ ግን ሙሉ ለሙሉ ተለውጦ ይራባል። ሮች ግን ተፈጥሮው እንዲህ አይደለም። በጣም የተጎዳው ወንድ ሮች የሴቷን እንቁላል የማዳበር አቅሙ ይቀንሳል።

«ማጣሪያ ጣቢያው ያጠራዋል»

በከፊል ብቻ። የተለመደው ማጣሪያ የተሠራው ለቆሻሻውና ለበሰባሹ ነገር ነው፤ ለናኖግራም አይደለም። ኦዞን የተባለው ጋዝና አክቲቭ ካርቦን (ቆሻሻ የሚይዝ ከሰል) ሲጨመሩበት ግን ብዙው መድኃኒት ይወገዳል። ስዊዘርላንድ ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎቿ ይህን እንዲጨምሩ በሕግ አዛለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የዚህን ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ መድኃኒትና የመዋቢያ ምርት አምራቾች እንዲሸፍኑ ወስኗል። በእኔ እይታ ወቀሳው መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው፤ ወደ ታማሚው አይደለም።

«አንዴ ከተበከለ አበቃለት»

አላበቃም። ወንዝ ላይ የሚያስቸግረው መድኃኒቱ በየቀኑ መጨመሩ ነው፤ የትናንቱ ሳይበሰብስ የዛሬው ይደርሳል። ሐይቅ 260 ላይ ግን መጨመሩ በ2003 ቆመ። ከተረፉት ጥቂት ዓሦች ጫጩቶች ተፈለፈሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋትሄድ ሚኖው ሐይቁን መልሳ ሞላችው።